የናሱ ቁር ለየትኛው ዘመን ነው?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1861 በለንደን ቱሊ ስትሪት የደረሰውን ቃጠሎ በትርኢት ለማሳየት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን አልባሳት እያዘጋጀን ነው። የናስ የራስ ቁር ይስማማል? ኮቱንስ ከምን ጨርቅ እናሰፋው?

መልስ፦ የናሱ ቁር ምንም ያህል ቢያምር ለዚህ ትርኢት አይሆንም። የለንደን የእሳት አደጋ ሠራተኞች አዛዥ ጄምስ ብሬድውድ ግድግዳ ተደርምሶባቸው በዚያ ቃጠሎ ሲሞቱ፣ ሠራተኞቻቸው የሚደፉት ጥቁር የቆዳ ቁር ነበር፤ ናሱን ያስገቡት ተተኪያቸው ማሲ ሾው ናቸው። ስለዚህ የገዛችሁትን ከ1866 በኋላ ላለው የሜትሮፖሊታን ብርጌድ (የለንደን የእሳት አደጋ ቡድን) ዘመን አቆዩት። (ናስ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በ20ኛው ክፍለ ዘመን እሱም ቀርቷል።)

ለኮቱ ወፈር ያለ ጥቁር ግራጫ የሱፍ ጨርቅ ምረጡ። ፖሊስተር ከሩቅ ሱፍ ቢመስልም ብልጭታ ሲያርፍበት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ሱፍ ግን በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ አይቀልጥምም። ያም ሆኖ ልብሱ የትርኢት ልብስ እንጂ የዛሬው መከላከያ ስላልሆነ፣ ለብሳችሁት ወደ እውነተኛ እሳት አትጠጉ።

ባልዲ ከጨመራችሁ ወፍራም ቆዳ በሰም በታሸ የተልባ እግር ክር ይሰፋ፤ ውስጡ ዝፍት ካልተቀባ ውኃው በስፌቱ በኩል ይንጠባጠባል።