ለሰውነት ማጎልመሻ ዕጩ መምህር የማስተማር ልምምድ መቼ ይጀመር?

ጥያቄ፦ በአንድ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኝ ነኝ። በዚህ መንፈቀ ዓመት በሳምንት አንድ ቀን ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየሄድን መምህሩን እንድናግዝ ተነግሮናል። የማስተማሪያ ዘዴ ገና ሳልማር 60 ልጆች ፊት መቆም ያስፈራኛል። ንድፈ ሐሳቡን ጨርሼ በመጨረሻው ዓመት ብወጣ አይሻልም?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ ልምምዱን ማዘግየት ግን ፍርሃቱን አያስቀርልዎትም። ንድፈ ሐሳብን ማስቀደም በአገራችን የተሞከረ አሠራር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ዕጩ መምህራን መጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው መምህርነትን በድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ እንዲማሩ ሲደረግ፣ ከተማሪ ጋር የሚገናኙበት ጊዜ ዘግይቷል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ግን ፕራክቲከምን፣ ማለትም በትምህርት ቤት የሚደረገውን የማስተማር ልምምድ፣ በሥልጠናው ዓመታት ውስጥ ያከፋፈለ ነበር፤ በእኛ እምነት ለእርስዎ ሙያ የሚበጀው ይህኛው መንገድ ነው።

የሒሳብ መምህር ግድግዳ፣ ሰሌዳና የተደረደረ መቀመጫ ያግዙታል፤ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ግን ነፋስ ድምፁን በሚወስድበት ሜዳ ላይ ሥርዓቱን ራሱ መፍጠር አለበት። 60 ልጆች በአንድ ኳስ ተሰልፈው እያንዳንዳቸው ግማሽ ደቂቃ ቢወስዱ ተራው አንዴ ለመዞር 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ሲቃረብ አንዱ ልጅ የተንቀሳቀሰው ግማሽ ደቂቃ ብቻ ይሆናል። በስፖርት ጎበዝ የነበረ ሠልጣኝ ይህን ከራሱ የተማሪነት ዘመን ላያስተውለው ይችላል፤ እርሱ ኳሱ የሚደርሰው ልጅ ነበርና።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መምህሩን አስፈቅደው አንድ ልጅ ይምረጡና ምን ያህል ደቂቃ እንደተንቀሳቀሰ፣ እንደጠበቀና እንዳዳመጠ በሰዓት ይመዝግቡ። የሚመርጡት ልጅ ጎበዙ ሳይሆን ወደ ሰልፉ ጫፍ የሚያፈገፍገው፣ ወይም በረጅም ቀሚሷ ምክንያት መሮጥ የምትቸገረው ተማሪ ቢሆን ይመረጣል። ቀጥሎ ለአሥር ልጆች ብቻ ማሟሟቂያ ያሠሩ፤ እርሱ ሲለመድ ወደ ሙሉ ክፍል ይሸጋገሩ። ሲያስረዱ ፀሐይ በእርስዎ ፊት እንጂ በልጆቹ ዓይን ላይ አትሁን፤ ከኋላዎም ማንም እንዳይቀር ጠርዝ ላይ ይቁሙ። መሣሪያ ካነሰ የጨርቅ ኳስና ገመድ ልጆቹ ራሳቸው ሊሠሩ ይችላሉ፤ መሬት ላይ የተሠመረ ሰኞ ማክሰኞም በአንድ እግር መዝለልንና ሚዛን መጠበቅን በሚገባ ያስተምራል።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስብዎታለን። የልጆቹ ደኅንነት ኃላፊነት የትምህርት ቤቱ መምህር ነው፤ መምህሩ ክፍሉን ለእርስዎ ትቶ ወደ ሌላ ሥራ ቢሄድ፣ ብቻዎን ከመቀጠል ይልቅ ጉዳዩን በዚያው ቀን ለኮሌጅዎ አማካሪ መምህር ያሳውቁ።