አንድ ቁጥር ለሁለት ደንበኛ

ጥያቄው እንዲህ ነው፦ አራት ኪሎ ያለ ማተሚያ ቤት ሦስት የሊኑክስ ኮምፒውተሮች አሉት። የትዕዛዝ ቁጥር የሚቀመጥበትን ፋይል በኤንኤፍኤስ (NFS፣ ፋይልን በኔትወርክ የሚያጋራ ሥርዓት) ከአንድ ሰርቨር ይጋራሉ። ሰው በሚበዛበት ሰዓት አልፎ አልፎ ሁለት ደንበኞች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ይወጣሉ። ፕሮግራመሩ ለምርመራ መልእክት የሚጽፍ መስመር ሲጨምር ስህተቱ ይጠፋል።

መጥፋቱ ራሱ ፍንጭ ነው። አዲሱ መስመር ፕሮግራሙን በጥቂቱ ስላዘገየው ሁለቱ ኮምፒውተሮች ተላለፉ እንጂ የተጠገነ ነገር የለም። ስለዚህ ስህተቱን አይጠብቁት፣ ይጥሩት። በአንደኛው ኮምፒውተር ፕሮግራሙ ቁጥሩን ካነበበ በኋላ፣ ከመጻፉ በፊት፣ 10 ሰከንድ እንዲተኛ ያድርጉ። እስኪነቃ ከሌላኛው ትዕዛዝ ያስገቡ። አንደኛው 417 አነበበ፣ ሌላውም 417 አነበበ፣ ሁለቱም 418 ጻፉ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ካሹን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከሰርቨሩ ወስዶ ለጊዜው የሚያቆየውን ቅጂ፣ ይወነጅላል። ንጹሕ ነው አልልም፤ ፋይሉን የሚጋራ የሊኑክስ ኮምፒውተር ስለ አንድ ፋይል የያዘውን መረጃ በነባሪው ከ3 እስከ 60 ሰከንድ ሰርቨሩን ሳይጠይቅ ያምናል። ሆኖም ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ይጠይቃል። የሚቸገረው ጠዋት የከፈተውን ፋይል እስከ ማታ የማይዘጋ ፕሮግራም ነው። ካሹን «ኖኤሲ» (noac) በሚባለው አማራጭ ማጥፋት ሥራውን ያንቀረፍፋል እንጂ በማንበብና በመጻፍ መካከል ያለውን ክፍተት አይደፍንም።

የሚደፍነው ቁልፍ ነው፤ ከማንበብ በፊት መቆለፍ፣ ጽፎ መፍታት። ፋይል በሚቆልፈው የሲስተም ትእዛዝ በ«ኤፍሲኤንቲኤል» (fcntl) ይቆልፉ። ኮምፒውተሩ ቁልፉን ሲያገኝ አሮጌውን ቅጂ ትቶ ከሰርቨሩ ያነባል፣ ሲፈታም የጻፈውን ይልካል። ከመፍታትዎ በፊት ግን ጽሑፉ ከፕሮግራሙ የራሱ ጊዜያዊ ማቆያ (በፈር) መውጣቱን ያረጋግጡ። ባዶ ፋይል ፈጥሮ እንደ ቁልፍ መጠቀምም ይቻላል፤ መብራት በሄደ ቀን ግን ያ ፋይል ተጎልቶ ይቀርና ማንም ቁጥር መውሰድ ያቅተዋል። በኤፍሲኤንቲኤል ከቆለፉ ግን፣ በኤንኤፍኤስ 4 የሊኑክስ ሰርቨር ቁልፉን ከያዘው ኮምፒውተር በነባሪው ለ90 ሰከንድ ምንም ካልሰማ፣ ቁልፉን ሌላ እንዲወስደው ይፈቅዳል።

አንድ ወጥመድ አለ። በማውንት አማራጮቹ (የሰርቨሩ ፋይሎች ከኮምፒውተሩ ጋር ሲገናኙ በሚሰጡት ቅንብሮች) ውስጥ «ኖሎክ» (nolock) የሚል ቃል ይፈልጉ። በኤንኤፍኤስ 3 ይህ ቃል ካለ ቁልፉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል፤ ሌሎቹ ሳያዩት ፕሮግራሙ «ተቆልፏል» የሚል መልስ ያገኛል። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ ሁለት ቀን ሙሉ ንጹሑን ኮድ ስመረምር የከረምኩት በዚህች ቃል ምክንያት ነው።

ከዚያ ፋይሉን ወደ 417 መልሰው የ10 ሰከንዱን ሙከራ ይድገሙት። ሁለተኛው ኮምፒውተር መጠበቅ፣ ከዚያም 419 ማውጣት አለበት። ካወጣ የማስተኛውን መስመር ይሰርዙ፤ አለዚያ ደንበኛው በእያንዳንዱ ደረሰኝ 10 ሰከንድ ይቆማል።