ያ ቀይ ጨርቅ ቻው ማለት አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ቦሌ ላይ አውሮፕላናችሁ ወደ ኋላ ሲገፋ፣ ሄድሴት ያደረገው ሰውዬ ከፓይለቱ ጋር ምን እንደሚያወራ ጠይቀሻል። መጨረሻ ላይ ቀይ ጨርቅ ከፍ አድርጎ ያሳየውስ ቻው ለማለት ነው ወይ ብለሻል። ልጅሽ እጇን ስታውለበልብለትም መልሶላታል። እኔ ያንን ሥራ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ትቼዋለሁ፣ ግን ቡልቡላ ስለምኖር አውሮፕላኖቹ አልተዉኝም።

ከጨርቁ ልጀምር። ጨርቁ የተንጠለጠለው ጣት የምታክል ፒን ላይ ነው። ባይፓስ ፒን እንላታለን። የፊት ጎማው አጠገብ ስትሰካ ጎማው ከፓይለቱ መሪ ይላቀቅና ትራክተሩ እንደልቡ ያዞረዋል። ሳትሰካ ከተገፋና መሪው ከተነካ፣ ትራክተሩን ከአውሮፕላኑ የሚያገናኘው ቶውባር ተወርውሮ የሰው እግር ይሰብራል። ሳትነቀል ከተረሳች ደግሞ ፓይለቱ ራሱ ሲነዳ ጎማው እምቢ ይለዋል። ስለዚህ ሰውዬው ነቅሎ፣ ፓይለቱ በሚያየው ቦታ ቆሞ ያሳያል። "ይኸው፣ እኔ ጋ ናት" ማለቱ ነው። ፓይለቱም በእጁ ወይም በመብራት አየሁ ይለዋል።

ወሬው ደረቅ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ፓይለቱ ከታወር፣ ከመቆጣጠሪያ ማማው፣ ፈቃድ ያገኝና የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወዴት እንደሚዞር ይነግረናል፤ ቃሉን መልሰን እንላለን። ብሬክ ልቀቅ እንለዋለን፣ "ብሬክስ ሪሊዝድ" ሳይል ትራክተሩ ንቅንቅ አይልም። ሲያልቅ "ሴት ፓርኪንግ ብሬክ" እንለዋለን፤ ብሬክ ያዝ ማለት ነው። "ፓርኪንግ ብሬክ ሴት" የሚለው ሳይመጣ ቶውባሩን የሚነካ የለም። ሞተር ከተነሳ በኋላ ብሬክ ያልያዘ አውሮፕላን በዝግታ ወደፊት ይሄዳል። ፊቱ ያለነው ደግሞ እኛ ነን።

በዚህች ቃል ነው ልበላ የነበረው። ክረምት ነው፣ ሌሊት። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነውና ብርዱ አጥንት ይገባል። የሄድሴቱ ገመድ ረጥቦ ይንጫጫል። ብሬክ ብዬ ጠየቅሁ። ፓይለቱ ያለው "ብሬክ ኖት ሴት"፣ አልተያዘም፣ ነበር፤ መሃሏ ተበልታ እኔ ጋ የደረሰችው "ብሬክ… ሴት" ናት። ለትራክተር ነጂው ፍታ ብዬ ምልክት ሰጠሁ። እሱ ጋሼ የምንለው የቆየ ሰው ነበር፤ አልፈታም። አንዳንድ አውሮፕላን የፊት እግሩ ላይ ብሬክ መያዙን የሚያሳይ መብራት አለው፣ ያኛው የለውም። ጋሼ ግን አውሮፕላኑ ትራክተሩን ሲገፋው በወንበሩ ተሰምቶታል። በእጁ "ድገምና ጠይቀው" አለኝ። ደገምኩ። "ኔጋቲቭ"፣ አልተያዘም፣ የሚለው ጥርት ብሎ መጣ። ጉልበቴ ከዳኝ።

ከዚያ ወዲህ ግማሽ ቃል አልቀበልም። ድምፁ ከተቆራረጠ ወደ እጅ ምልክት ነው፦ የተዘረጋ መዳፍ ተጨብጦ ሲታይ ብሬክ ተይዟል፣ ጭብጡ ሲከፈት ተለቋል። ለዚህ ሥራ የሚገባ ልጅ ካለሽ በመጀመሪያው ቀን ይህንን ይልመድ። "እሺ"፣ "ኦኬ" የሚባል መልስም ይርሳ። እሺ የቱን ነው? ያዝኩትን ነው የለቀቅኩትን?

የሐምሌ መብረቅ ሲመጣ ደግሞ ገመዱ አይሰካም። መብረቁ አውሮፕላኑን ቢመታ በገመዱ ጆሮህ ድረስ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ በዝናብ ያለ ምክንያት የቆማችሁ ሲመስላችሁ አንዳንዴ ነገሩ ይኸው ነው። እኛ ላይ ማጉረምረም ትታችሁ ሻይ ጠጡ።

ለልጅሽ የመለሰላት ግን የእውነት ሰላምታ ነው። ፒኗ እጃችን ከገባች፣ ፓይለቱም አየሁ ካለ በኋላ በመስኮት የሚያየንን ልጅ ቻው እንላለን። ከዚያ በፊት እጃችንን ብናነሳ ፓይለቱ እንደ ምልክት ይወስደዋል።