ስቴትመንታችሁን ወደ ኢሜይል ከማዞራችሁ በፊት

ውድ ልጆች፤

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ታክስ ስሠራ ፀጉሬ ሸብቷል። ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል 15 ቢሮዬ የማይገባ ሰው የለም፤ ኡበር የሚነዳው፣ ነርሷ፣ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ምግብ ቤት የከፈተችው፣ ኮሌጅ ጨርሶ የኮምፒዩተር ሥራ የያዘው። ታላላቆቻችሁ የዓመቱን ወረቀት በፌስታል አጭቀው ይመጡ ነበር። ከዚያ ውስጥ ፈልጎ ማግኘቱ ቢያደክምም የሚፈለገው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። እናንተ ስልክ ይዛችሁ ትመጡና «ሁሉም አፑ ላይ አለ» ትሉኛላችሁ። ከፍተን ስናይ ብዙ ጊዜ የለም።

ወረቀት መቅረቱን አልቃወምም። ከፖስታ ሳጥን የሚሰረቅ ስቴትመንት (ባንክ በየወሩ የሚልከው የሒሳብ ዝርዝር) ስንት ሰው ላይ መዘዝ እንዳመጣ አይቻለሁ። የአሜሪካ ፌዴራል ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት የሆነው አይ አር ኤስም ቢሆን በ1997 ባወጣው መመሪያ መዝገብን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማስቀመጥን ተቀብሏል፤ የሚነበብ፣ ያልተጓደለና ሲጠየቅ ታትሞ ሊወጣ የሚችል ይሁን እንጂ። የምለምናችሁ «ወረቀት አልባ» የሚለውን ስትጫኑ ምን እንደምትፈርሙ እንድታውቁ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ባንኩ በየወሩ አንድ ቅጂ እቤታችሁ ያደርስ ነበር፤ ባትከፍቱትም ቅጂው የእናንተ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚደርሳችሁ «ስቴትመንትዎ ተዘጋጅቷል» የሚል ኢሜይል ነው። ስቴትመንቱ ራሱ ባንኩ ዘንድ ይቀራል። አካውንቱን ስትዘጉ፣ ባንኩ በሌላ ባንክ ሲገዛ፣ ኮድ የሚመጣበት ስልክ ቁጥር ሲቀየር መግቢያው ይዘጋባችኋል።

አንድ ወጣት ደንበኛዬ በ9,000 ዶላር የገዛውን ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) በ9,800 ሸጠ። ትርፉ 800 ዶላር ነው። የሸጠበት ድርጅት የሽያጩን መረጃ ለአይ አር ኤስ ልኳል፤ የገዛበት ሌላው ድርጅት ግን ሥራ አቁሞ ድረ ገጹም ጠፍቷል። በስንት እንደገዛ ማሳየት ካልቻለ 9,800ው በሙሉ ትርፍ ተብሎ ሊታሰብበት ነው። «ገንዘቡ ከባንክህ የወጣበትን ስቴትመንት አምጣ» አልኩት። ያንን አካውንትም ዘግቶት ኖሯል። ባንኮች መዝገባቸውን ቢያንስ ለ5 ዓመት እንዲያቆዩ ሕግ ስለሚያስገድዳቸው በመጨረሻ በክፍያ ቅጂ አገኘ፤ እስከዚያ ግን ልጁ እንቅልፍ አጥቶ ከረመ። ስቴትመንቱን በወቅቱ ዳውንሎድ አድርጎ ቢሆን ኖሮ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

ስለዚህ በየወሩ፣ ቢበዛ ደግሞ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ፣ የሁሉንም አካውንት ስቴትመንት በፒዲኤፍ አውርዱ። የፋይሉን ስም በዓመቱ ጀምሩ፤ «2025-03 ቼኪንግ»፣ «2025-03 ክሬዲት ካርድ» እያላችሁ። ኮምፒዩተሩ ራሱ በተራ ይደረድርላችኋል። ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ፎልደር ይኑር፤ ደብሊው-2ው (አሠሪ የዓመቱን ደመወዝ የሚገልጽበት ፎርም)፣ 1099ኙ (ከደመወዝ ውጭ ያለ ገቢ የሚገለጽበት ፎርም)፣ የጤና መድን ወረቀቱ፣ የተፈረመው የታክስ ቅጂ ሁሉ እዚያው ይግባ። ፎልደሩ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ኮምፒዩተራችሁ ላይ፣ ሌላው ከስልካችሁም ከኮምፒዩተራችሁም ውጭ። ስክሪንሾት አይበቃም። ስም የለው፣ የአካውንት ቁጥር የለው፣ ከየትኛው ገጽ እንደተቆረጠ አይታወቅ።

ለስንት ዓመት? ለአብዛኛው ሰው ታክሱን ካስገባበት ቀን ወይም ከማስገቢያው የመጨረሻ ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ጀምሮ 3 ዓመት ነው። ሳትገልጹ የቀራችሁት ገቢ ከገለጻችሁት ከ25 በመቶ በላይ ከሆነ 6 ዓመት ይሆናል፤ ጨርሶ ታክስ ላላስገባ ሰው ግን ገደብ የለውም። እኔ ለሁሉም 7 ዓመት አቆዩ እላለሁ፤ ፒዲኤፍ ቦታ አይፈጅም። ቤት ከገዛችሁ ነገሩ ይለያል። የግዢው ሰነድና ለጣሪያ፣ ለወጥ ቤት እድሳት ያወጣችሁት ደረሰኝ ቤቱ እስኪሸጥና ከዚያም በኋላ 3 ዓመት እስኪያልፍ ይቆይ። ከመሸጡ በፊት ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 2 ዓመት የኖራችሁበት ቤት ትርፍ ለአንድ ሰው እስከ 250,000፣ አብረው ለሚያስገቡ ባልና ሚስት እስከ 500,000 ዶላር ከታክስ ነፃ ነው። በዚህ አካባቢ የቤት ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ ያቺ የጣሪያ ደረሰኝ አንድ ቀን ትፈለጋለች።

አሁን ወደ ነጂዎቹ ልምጣ። ልጆቻችን በብዛት የሚጎዱት እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ኡበርና ሊፍት የሚልኩላችሁ 1099-ኬ የሚያሳየው ተሳፋሪው የከፈለውን ጠቅላላ ሒሳብ ነው፤ የኩባንያው ድርሻ ገና አልተቀነሰም። እንበል 1099-ኬው 62,000 ዶላር ይላል፤ ባንካችሁ የገባው ግን 41,000 ነው። አንዳንዱ ባንክ የገባውን ብቻ ያስመዘግብና በኋላ «ገቢህ አልተመጣጠነም» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። ሌላው ደግሞ ደንግጦ 62,000ውን እንዳለ ያስመዘግብና ያልበላውን ዕዳ ይከፍላል። ትክክለኛው መንገድ 62,000ውን በገቢነት አስፍሮ የኩባንያውን ድርሻ በወጪነት መቀነስ ነው። ድርሻው ስንት እንደሆነ የሚናገረው ኩባንያው በዓመቱ መጨረሻ አፑ ላይ የሚያስቀምጠው የዓመት ማጠቃለያ ነው። እቤት በፖስታ አይመጣም። አካውንታችሁ ከታገደ ወይም ሥራውን ከተዋችሁ ላታገኙት ትችላላችሁና እንደወጣ አውርዱት።

ከዚያ ማይሉ አለ። በ2025 ለሥራ የተነዳ አንድ ማይል 70 ሳንቲም ይቀነስለታል። 30,000 ማይል የነዳ ሰው 21,000 ዶላር ከገቢው ቀነሰ ማለት ነው። በግል ሥራ ታክሱ ብቻ፣ 15.3 በመቶ በሆነው፣ ከ2,900 ዶላር በላይ ይተርፈዋል፤ የገቢ ታክሱን ገና አልቆጠርኩም። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያስገኘው የማይል ደብተር ግን ከአሥር ነጂ አንዱ እጅ ላይ እንኳ ባገኘው ደስ ባለኝ። ሕጉ የሚጠይቀው ቀኑን፣ የተነዳውን ማይል፣ የት እንደሆነና ለምን ሥራ እንደሆነ ነው፤ ይህም በጊዜው እየተጻፈ። ኤፕሪል ላይ ቁጭ ተብሎ በግምት የተሞላ ደብተር ኦዲተር ፊት አይቆምም። ኩባንያው የሚያሳያችሁ ማይል ጅምር ነው እንጂ ሙሉ ላይሆን ይችላል፤ በተለይ ሁለት ሦስት አፕ ለምትሠሩ። ጠዋት ሥራ ስትጀምሩ የመኪናውን ማይል ቆጣሪ ፎቶ አንሱ፤ ማታ ስትጨርሱ ድገሙት። ፎቶው ራሱ ቀንና ሰዓት ይዟል። የማይል ሒሳቡን ከመረጣችሁ ቤንዚን፣ ጥገናና ኢንሹራንስ ለብቻው አይቀነስም፤ የመንገድና የፓርኪንግ ክፍያ ግን ይቀነሳል። የደረሰኝ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ መኪና ውስጥ ከረመ ማለት ጽሑፉ ጠፋ ማለት ነው። የተቀበላችሁ ዕለት ፎቶ አንሱት።

ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ የምትሰጡትን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰጣችሁ የባንክ ስቴትመንት አይበቃችሁም፤ ድርጅቱ የጻፈላችሁ ማረጋገጫ ታክሱን ከማስገባታችሁ በፊት እጃችሁ መግባት አለበት። ከ2026 የታክስ ዓመት ጀምሮ ታክስ ሲያስገቡ ወጪያቸውን አንድ በአንድ የማይዘረዝሩ ሰዎችም እስከ 1,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት እስከ 2,000፣ በገንዘብ የሰጡትን መቀነስ ይችላሉ። ወጣቶች «እኛን አይመለከትም» ስትሉት የነበረው ወረቀት አሁን ይመለከታችኋል።

እቁብ የምትጥሉም አላችሁ። የራሳችሁን ገንዘብ ነው የምትቀበሉት፤ ገቢ አይደለም። ይሁንና ኦዲት ከመጣ ባንክ የገባው እያንዳንዱ ገንዘብ ምንጩ ይጠየቃልና የእቁቡን ዝርዝር፣ የጣላችሁበትንና የደረሳችሁበትን ቀን፣ ከዓመቱ ፎልደር ጋር አስቀምጡ። ሲደርሳችሁ ደግሞ ባንክ ሪፖርት እንዳያደርግ ብላችሁ ጥሬ ገንዘቡን ከ10,000 በታች እየከፋፈላችሁ አታስገቡ። ሪፖርቱ ምንም አያመጣባችሁም፤ መከፋፈሉ ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

አገር ቤት ለቤተሰብ የምትልኩት ከታክስ አይቀነስም። አዲስ አበባ ያለች እናታችሁን ሙሉ በሙሉ የምትጦሩ ብትሆኑም እሷ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ ካልሆነች በጥገኝነት አትመዘገብም። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ያዝናል፤ እኔም አብሬ አዝናለሁ፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው። ከ2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር ከፍሎ ወደ ውጭ የሚልክ 1 በመቶ ይከፍላል፤ ከባንክ አካውንት ወይም እዚህ አገር ባንክ ከሰጠው ካርድ ከፍሎ ለሚልክ አይመለከተውም። ከባንክ መላክ ማስረጃም ያስቀራል።

አገር ቤት አካውንት ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ የሆነ ሰው ከአሜሪካ ውጭ ያሉት አካውንቶች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንዲት ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ለቤት መሥሪያ ብላችሁ የምታጠራቅሙት ይህን በቀላሉ ያልፋል። ማስረጃውን 5 ዓመት ማቆየት አለባችሁ፤ ስለዚህ ለዕረፍት ስትሄዱ ቅርንጫፉ ገብታችሁ ማኅተም ያረፈበት የዓመቱን ስቴትመንት ይዛችሁ ተመለሱ። ከዚህ ሆኖ በስልክ ማስላክ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ታውቁታላችሁ።

እናትና አባቶቻችሁ እዚህ ካሉ የእነሱን ነገር አደራ እላችኋለሁ። ስልካቸውን የምትከፍቱላቸው እናንተ ናችሁ፤ «ወረቀት አልባ» የሚለውንም የምትጫኑላቸው እናንተ። ኢሜይል የማያዩ አባት ስቴትመንታቸው መምጣት ሲያቆም የሚጠይቁት ሰው ያጣሉ። ከ2000 ጀምሮ ባለው ሕግ ባንክ እንዲህ ያለውን ለውጥ ያለ ደንበኛው ፈቃድ አያደርግም፤ የተሰጠውን ፈቃድም ማንሳት ይቻላል፤ አንዳንድ ባንክ ለወረቀቱ ትንሽ ያስከፍል ይሆናል እንጂ። እነሱ ካልጠየቋችሁ በወረቀት ይቆዩ። ከጠየቋችሁ ኢሜይሉ በራሳቸው ስም ይሁን፤ ፓስወርዱንም በእጃቸው ጽፈው የሚያውቁት ቦታ ያስቀምጡት።

ሁሉንም ወደ ኢሜይል ብታዞሩም የፖስታ ሳጥኑን መክፈት አትተዉ። አይ አር ኤስ ጉዳይ ሲኖረው የመጀመሪያውን ደብዳቤ የሚልከው በፖስታ ነው፤ በኢሜይልና በቴክስት «አይ አር ኤስ ነን» የሚላችሁ በአብዛኛው አጭበርባሪ ነው። የታክስ ዕዳ ውሳኔ ከደረሳችሁ ለታክስ ፍርድ ቤት ለማመልከት 90 ቀን አላችሁ። ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው አይ አር ኤስ ዘንድ ወደተመዘገበው የመጨረሻ አድራሻችሁ ከተላከበት ጀምሮ ነው፤ እናንተ ቤት ቀይራችሁ ባታገኙትም ይቆጠራል። ባንኩን፣ ሥራ ቦታችሁንና መንጃ ፈቃዱን ብቻ አስተካክላችሁ ዝም አትበሉ፤ በተዛወራችሁበት ሳምንት የአድራሻ ለውጥ የሚገለጽበትን ፎርም 8822ን ሞልታችሁ ለአይ አር ኤስ ላኩ።