የጃፓናውያን ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ፦ የቤተሰብ ስም ይቅደም ወይስ የራስ ስም?

ጠያቂያችን ስለ ጃፓን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያዘጋጁ መሆናቸውን ገልጸው፣ ከቤተሰብ ስምና ከራስ ስም የትኛውን ማስቀደም እንዳለባቸው እንድንነግራቸው ጠይቀዋል። በአርትዖት ሥራ ላይ ሳለሁ ይኸው ጥያቄ ደጋግሞ ስለገጠመኝ፣ ከተሳሳትኩበት ብጀምር ይሻላል።

የቶኪዮንና የሜክሲኮን ኦሊምፒክ ማራቶኖች የሚያነጻጽር አንድ ጽሑፍ ሳርም፣ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሸነፈበት ውድድር ነሐስ ያገኘው ሯጭ «ኮኪቺ ፁቡራያ»፣ ማሞ ወልዴ በ1968 ባሸነፈበት ውድድር ብር ያገኘው ደግሞ «ኪሚሃራ ኬንጂ» ተብሎ ሰፍሮ ነበር። የቤተሰብ ስሞቹ ፁቡራያና ኪሚሃራ ናቸው፤ የፊተኛው ተገልብጦ፣ የኋለኛው ግን የቤተሰብ ስም በሚቀድምበት በጃፓን ልማድ መጻፉን ሳላስተውል አሳለፍኩት። ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ስም ብቻ እየጠቀሰ የሚሄደው ጽሑፍ፣ አንደኛውን ሯጭ በቤተሰብ ስሙ «ፁቡራያ» ሲል፣ ሌላውን እንደ ልጅነት ጓደኛ «ኬንጂ» እያለ እስከ መጨረሻው ዘለቀ።

እኛ በዚህ የምንሳሳተው «አቶ» የሚለውን ማዕረግ በሰውዬው በራሱ ስም ላይ ስለምናደርግ ይመስለኛል፤ ጃፓኖች ግን «ሳን» የሚለውን የአክብሮት ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚያስከትሉት ለቤተሰብ ስም ነው። (አበበን ጃፓኖች «አበበ» ሲሉት፣ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ግን በአባቱ ስም «ቢቂላ» ይሉታል፤ የስም ቅደም ተከተል ያደናገረው እኛን ብቻ አይደለም።)

የቤተሰብን ስም ወደ ኋላ የማዞሩ ልማድ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1868 በጀመረው የሜጂ ዘመን ሲሆን፣ ጃፓኖች ራሳቸው ለምዕራባውያን ሲጽፉ የተቀበሉት ነው። በ2000 የአገሪቱ የብሔራዊ ቋንቋ ምክር ቤት የቤተሰብ ስም እንዲቀድም ሐሳብ አቀረበ፤ በ2019 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ታሮ ኮኖ፣ የቻይናው መሪ የሺ ጂንፒንግና በጊዜው የደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንት የነበሩት የሙን ጄ-ኢን ስም ሳይገለበጥ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ የጊዜው የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ስም «አቤ ሺንዞ» ተብሎ እንዲጻፍ የውጭ መገናኛ ብዙኃንን ጠየቁ፤ ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮም የመንግሥት ሰነዶች በዚሁ መንገድ ይጻፋሉ። ኮኖን እኔ ራሴ አሁን ገልብጬ መጻፌን አስተውሉ፤ የድሮው ልማድ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

አሳታሚው የራሱ ደንብ ካለው እርሱን መከተል ግድ ነው። ደንብ ከሌለ፣ እንደ ቶኩጋዋ ኢየያሱ ላሉ ከሜጂ በፊት ለነበሩ ሰዎች የቤተሰብ ስም ይቅደም፤ በሕይወት ያለ ሰው ከሆነ ግን ራሱ በእንግሊዝኛ የሚፈርምበትን ቅደም ተከተል እመርጣለሁ፤ ስሙ የእርሱ ነውና። ጽሑፉ ሁለቱንም ዘመን የሚያጣምር ከሆነ መደባለቁ አንባቢን ስለሚያሳስት፣ በሁሉም ላይ የቤተሰብን ስም አስቀድሞ መግቢያው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስፈር፣ ወይም የጃፓን መንግሥት እንደሚያደርገው የቤተሰቡን ስም በእንግሊዝኛ ትልልቅ (ካፒታል) ፊደላት መጻፍ ይበጃል። ነጠላ ስም ሲጠራ ግን ልዩ ሁኔታ አለ፦ ደራሲው ናጹሜ ሶሴኪ በብዕር ስሙ «ሶሴኪ»፣ ኢየያሱም ከሌሎቹ የቶኩጋዋ ቤተሰብ ገዥዎች እንዲለይ በራሱ ስም ይጠራል።

እኔ ከዚያ ስህተት ወዲህ፣ አርትዖት ከመጀመሬ በፊት ስሞቹን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ አውጥቼ የቤተሰቡን ስም አሰምርበታለሁ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ የተጠቀሰበትን ቦታ እየፈለግሁ ከወረቀቱ ጋር አመሳክራለሁ።