የሰፈራችሁን ፖስታ ቤት ታሪክ ለምትጽፉ ልጆች

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከአቃቂ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ፖስታ ቤት ነው፤ ቴምብር ስሸጥ፣ ሐዋላ ስከፍል፣ ሪኮማንዴ (በመዝገብ የሚላክ ደብዳቤ) ስመዘግብ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በከተማው ዳር አሮጌ ቤቶች እየፈረሱ ነው። የድሮ ፖስታ ቤት ታሪክ እንጽፋለን የሚሉ ወጣቶች ሲመጡብኝ ከልቤ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፤ የሰማችሁትን የመጀመሪያ መልስ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

በቅርቡ አንድ ጎበዝ ልጅ «በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሠራ ቤት» ብሎ የጻፈውን አሳየኝ። ምኒልክ ያረፉት በ1906 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1928። ልጁ አልዋሸም። የሁለት ሽማግሌ ወሬ ቀላቅሎ ነው የጻፈው።

የአገሩ ታሪክ ይታወቃል። ፖስታ በምኒልክ አዋጅ የተቋቋመው በ1886 ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ። በ1901 አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። በ1909 ባቡሩ በአቃቂ አልፎ አዲስ አበባ ገባ፤ የመንገዱን ክፍል በበቅሎና በእግረኛ ይጓጓዝ የነበረው የጅቡቲ መስመር ፖስታ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሐዲድ አገኘ። ይህ ሁሉ ግን የእናንተ ፖስታ ቤት የልደት ቀን አይደለም። መሥሪያ ቤቱና ሕንፃውም አንድ አይደሉም። ፖስታ ቤት በኪራይ ክፍል ይጀምራል፣ ይዛወራል፣ ይስፋፋል። «መቼ ተከፈተ?» እና «ይህ ቤት መቼ ተሠራ?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ለየብቻ ጠይቁ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ከማኅተም የተሻለ ምስክር አላውቅም። ደብዳቤ ሲላክ ቴምብሩ ላይ የቀን ማኅተም ይመታል። የፖስታ ቤቱ ስም አለበት፣ ቀኑም አለበት። እናቶቻችን በሣጥን፣ በሻንጣ ያስቀመጧቸው የድሮ ፖስታዎች አሉ፤ በትሕትና ጠይቁ። የሰፈራችሁ ስም ያለበት ማኅተም ካገኛችሁ፣ ቢያንስ በዚያ ቀን ፖስታ ቤቱ ይሠራ እንደነበር አረጋገጣችሁ። ጀርባውንም ገልብጡ፤ በተለይ ሪኮማንዴ ከሆነ የደረሰበት ቦታ ማኅተም እዚያ ሊኖር ይችላል። ቀኑ ብዙ ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱ ተጠንቀቁ፤ የዓመቱ ልዩነት እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ነው።

እባካችሁ ቴምብሩን በውኃ ነክራችሁ አትላጡት! ሰብሳቢዎች እንዲህ ሲያደርጉ ሳይ አንጀቴ ያርራል። ማኅተሙ ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ነው። ከተላጠ በኋላ የከተማው ስም ለሁለት ይቆረጣል። ፊትና ጀርባውን በስልካችሁ አንሱና እንዳለ ለባለቤቱ መልሱ።

አድራሻውንም አንብቡ። በአገራችን ፖስታ የሚገባው ፖስታ ቤቱ ውስጥ ወዳለ ባለ ቁጥር የፖስታ ሣጥን እንጂ ወደየቤቱ አልነበረም። ሣጥን የሌለው ሰው ደብዳቤው በትምህርት ቤቱ ወይም በፋብሪካው ሣጥን ይመጣለታል፤ «በእገሌ ትምህርት ቤት በኩል» ተብሎ ይጻፋል። ይህች «በኩል» የምትባል ቃል ብዙ ታሳያችኋለች። ያን ጊዜ ሰፈሩ ውስጥ የትኛው ፋብሪካ እንደነበረ፣ ማን ለማን አደራ ይቀበል እንደነበረ ከእርሷ ታገኛላችሁ። እኔ ከሕንፃው ግንብ ይልቅ የምሳሳው ለዚህ ነው። ዘበኛው ወይም ተላላኪው የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ ደብዳቤ በአንድ ከረጢት ተሸክሞ ይሄድ ነበር፤ የወታደር ልጅ ወሬ፣ የሠርግ ጥሪ፣ መርዶ ሳይቀር።

ስለ ሕንፃው ደግሞ የሠሩበትን ጠይቁ፤ ጽዳቶቹን፣ ዘበኞቹን፣ ሣጥን የነበራቸውን ነጋዴዎች። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብላችሁ አታስጨንቋቸው። «ደብዳቤ ልትወስዱ ስትመጡ የት ትቆሙ ነበር? ያኔ አግብተው ነበር? ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት ነው በኋላ?» በሏቸው። መስኮቱ ተደፍኖ ከሆነ፣ በሩ ዞሮ ከሆነ እነሱ ያሳዩአችኋል። ግድግዳው ቀለም ሳይቀባ፣ ሣጥኖቹ ሳይነቀሉ ፎቶ አንሱ። የሣጥኖቹ ቁጥር እንዲነበብ ቀርባችሁ አንሱ።

ያገኛችሁትን ቴምብር ዘመን ለማወቅ ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ዘንድ ያለው የፖስታ ሙዚየም ይጠቅማችኋል።

በመጨረሻ አደራ የምላችሁ፣ የምትፈልጉት ውጪው ፖስታ ነው። ውስጡ ያለውን ደብዳቤ ባለቤቱ ካልፈቀደ አትክፈቱ፣ ፎቶም አታንሱት። በእኛ ሥራ የሰው ደብዳቤ መክፈት ትልቅ ነውር ነበር፤ ባለቤቱ ቢሞትም ልጆቹን ጠይቁ።