ሁለት ዓመት የቆመች ኤጂ 100፣ በትንሽ ብር ከየት ትጀመር?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። ለሌሎቹም እንዲገባ ባጭሩ ልድገመው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነሽ። ቤትሽ ሀዋሳ ነው፣ የምትሠሪባቸው ቀበሌዎች ግን ሁላ ወረዳ ናቸው። ከአንድ የፕሮጀክት ጨረታ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል ገዛሽ። ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ቆማለች፣ አትነሳም። አንዱ ጋራዥ «ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይውረድ» አለሽ። ሌላው ደግሞ «መጀመሪያ ቀለም እንቀባት» አለ። እጅሽ ላይ የቀረው ብር የገዛሽበትን ሲሶ አይሞላም።

ለጊዜው ሁለቱንም አትስሚ። እኔ ከኤጂ ጋር ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ሁለት አሮጌ አንስቻለሁ፣ አንዷን ለራሴ፣ አንዷን ለታናሽ ወንድሜ። በመጀመሪያዋ ገንዘቤ የባከነው ምን እንደተበላሸ ሳላውቅ ስላስፈታሁ ነው። ሁለተኛዋን በግማሽ ወጪ ያነሳሁት መጀመሪያ ስለመረመርኩ ነው። ምርመራው ብዙም ብር አይጠይቅም፣ ጊዜ ነው የሚፈልገው።

ከመፍቻ በፊት ወረቀት። የፕሮጀክት ንብረት ብዙ ጊዜ ከቀረጥ ነፃ የገባ ነው። ቀረጡን ማን እንደሚከፍል የጨረታ ሰነዱ ላይ ይኖራል፣ አውጥተሽ አንብቢው። ስም ማዞሩ ሳያልቅ መለዋወጫ ላይ ብር አታፍስሺ። የሻንሲ ቁጥሩን መሪው አንገት ላይ ታገኚዋለሽ፣ ከሊብሬው ጋር አስተያዪው። የሞተሩንም ቁጥር እንደዚሁ። ጭቃና ዝገት ከሸፈነው በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ ጥረጊው። በሽቦ ብሩሽ እንዳትፈገፍጊው፣ ቁጥሩ ከደበዘዘ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ። ኤጂ ለእርሻ ተብላ የተሠራች ናት። 97 ሲሲ ቱ ስትሮክ (ባለ ሁለት ምት፣ ዘይትና ቤንዚን አብሮ የሚያቃጥል) ነው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። ካምሻፍት የለውም፣ እንደ መኪና የሚስተካከል ቫልቭ የለውም። ስለዚህ ሞተር ካልተነሳ የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) አለ ወይ? ካንዴላው (እሳት የሚተፋው ቡጂ) እሳት ይሰጣል ወይ? ቤንዚን ይደርሳል ወይ?

ሁለት ዓመት የቆመ ሞተር ላይ በቀጥታ የማስነሻውን ፔዳል አትርገጪ። ካንዴላውን ፍቺና በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ የቱ ስትሮክ ዘይት ጨምሪ። ይደር። በማግስቱ ፔዳሉን በእጅሽ ቀስ አድርገሽ ግፊው። ያለ መፋቅ ድምፅ ከዞረ ተመስገን በይ። ከዚያ ካንዴላውን መልሰሽ በእግርሽ ቁሚበት። ጤነኛ ሞተር ለአፍታ ይሸከምሽና ቀስ እያለ ይለቃል። ዝም ብሎ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ሪንጉ (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ አልቋል፣ ያኔ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ማንሳት ተገቢ ነው። በመለኪያ የሚለካልሽ ካገኘሽ ደግሞ አንድ ነገር እወቂ። ሀዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ወደ 18 በመቶ ያንሳል። መለኪያው መጽሐፉ ላይ ካለው ዝቅ ቢል «ሞተሩ ሞቷል» ብለው እንዳያስደነግጡሽ።

እሳቱን ለማየት ካንዴላውን ከኮፍያው ጋር አገናኝተሽ ብረቱን ከቴስታታው ጋር አስነኪና ፔዳሉን ርገጪ። ሰማያዊ ብልጭታ ከታየሽ ደህና ነው። ካንዴላውን ከቀዳዳው አርቂው፣ የቤንዚን ትነት ሊኖር ይችላል።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ያንቺም ሞተር ሳይክል ቆማ የከረመች ናት።

የመጀመሪያዋን ኤጂ የገዛሁ ጊዜ መካኒኩ ድምፅ እንኳን ሳይሰማ ሞተሩን አወረደ። ሲሊንደሩ ውስጡ እንዲስተካከል ሬቲፊካ ቤት ሄደ። አዲስ ፒስተን ከነሪንጉ ገባ። ያለኝን ብር በሙሉ ከፈልኩ። ሁለት ሳምንት ያህል ጥሩ ሄደች። ከዚያ አንድ ባሕርይ አመጣች፣ ጋዙን ስለቀው ድምፁ ቶሎ አይወርድም። ለብቻዋ ትጮሃለች። «ካርቡራቶር ነው» ተባለና ካርቡራቶሩ ተነካካ። ወደ ሁላ ከተማ፣ ወደ ሀገረ ሰላም ዳገቱን ስይዝ በድንገት ድምፁ ጠፋ፣ የኋላው ጎማ ተቆልፎ ተንሸራተተ። ፒስተኑ ነክሶ (ግሎ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ) ነበር። ደግነቱ ከኋላዬ መኪና አልነበረም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለቀቀና ተነሳ፣ ግን አልደፈርኩም። በአይሱዙ ጭኜ ወደ ሀዋሳ ተመለስኩ።

መናኸሪያ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ጋር ወሰዱኝ። ምንም አልፈቱም። አስነስተው ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡ። ከዚያ በግራ በኩል የማግኔቱን (ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨውን) ሽፋን ብቻ አወጡ። አንቺ በየቀኑ የምትይዢውን ዓይነት ሲሪንጅ አነሱ፣ ውስጡ ትንሽ ቱ ስትሮክ ዘይት አለ። ከማግኔቱ ጀርባ፣ ፓራዮሊዮው (ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት) ወዳለበት ጠብ ጠብ አደረጉ። የሚጮኸው ድምፅ ወዲያው ዝቅ አለ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ደግሞ ሰማያዊ ጭስ ተፋ። «አየህ ልጄ፣ ጠጣችው» አሉኝ። ሞተሩን አጥፍተው ማግኔቱን በመንቀያ አወጡና ፓራዮሊዮውን አሳዩኝ። የጎማው ከንፈር እንደ ፕላስቲክ ደርቋል። በጥፍራቸው ሲነኩት ተሰነጠቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቱ ስትሮክ ሞተር ቤንዚንና አየሩን መጀመሪያ የሚስበው ከፒስተኑ ሥር ወዳለው የክራንክ ሻፍት ክፍል ነው። ያ ክፍል በግራም በቀኝም በፓራዮሊዮ ነው የሚዘጋው። ሞተር ሳይክል ሲቆም ጎማው ይደርቃል። የግራው ካፈሰሰ ያልታሰበ አየር ይገባል፣ ድብልቁ ይሳሳል (አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሳል)፣ ፒስተኑ ከመጠን በላይ ይግላል፣ በመጨረሻ ይነክሳል። የቀኙ ካፈሰሰ ደግሞ የካምቢዮ (የማርሽ) ዘይት ይስባል። ምልክቱ የማያቋርጥ ነጭ ጭስና እየጎደለ የሚሄድ የካምቢዮ ዘይት ነው። የእኔ አዲስ ፒስተን የተቃጠለው በዚያች ትንሽ ጎማ ምክንያት ነው። ዋጋዋ ከፒስተኑ ጋር አይወዳደርም። እስከዛሬ ይቆጨኛል፣ ለዚህ ነው ያረዘምኩት።

ስለዚህ አንቺ ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ሆኖ ካገኘሽው ሞተሩን አታስወርጂ። የግራውን ፓራዮሊዮ ግን ባያፈስም ቀይሪው። ማግኔቱን በመዶሻ እየመታ ሊያወጣው የሚሞክር ካለ አስቁሚው፣ መንቀያ ያለው ሰው ፈልጊ። ለዚህ ቦታ ኦሪጅናል ግዢ፣ እዚህ ላይ አትቆጥቢ። ሀዋሳ ካጣሽ አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያውን ሶማሌ ተራን በሚያውቅ ሰው አስፈልጊ። ሲልኩልሽ የአሮጌውን ልክ ይያዙ፣ የውስጡ፣ የውጪውና የውፍረቱ ቁጥር ላዩ ላይ ተጽፏል።

ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ላይ ግን በደንብ መቆጠብ ይቻላል። ብዙ ሰው «የኤጂ ኩሽኔታ» ብሎ ይጠይቅና በእጥፍ ይገዛል። የጎማ ኩሽኔታ ዓለም አቀፍ ቁጥር አለው። ለምሳሌ 6202 የሚል ከሆነ ውስጡ 15፣ ውጪው 35፣ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው፣ የትም ሄደሽ ያው ነው። አሮጌውን አጽጂና ጠርዙ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢ። ኩሽኔታ የሚሸጥበት ማንኛውም ሱቅ ቁጥሩን ብቻ ንገሪ። ሁለቱም ጎን ጎማ ሽፋን ያለውን ምረጪ፣ የሁላ ጭቃ ያለ ሽፋን አይምርሽም።

ቤንዚን ታንኩን ቤትሽ ልታጸጂው ትችያለሽ። እኔ በአቼቶ ነው ያጸዳሁት። አሮጌውን ቤንዚን አውጥተሽ በሳሙና ውሃ ደጋግመሽ እጠቢ። መክፈቻውን ፍቺና ቀዳዳውን ድፈኚ። ሁለት እፍኝ ሹል ጠጠር ቆጥረሽ ጨምሪ፣ በአቼቶ ሙዪው፣ አንድ ቀን ይደር። በየመሃሉ አገላብጠሽ ናጪው። ከእኔ ታንክ የወጣው ውሃ የቀይ አፈር ጎርፍ ነው የሚመስለው። ከዚያ ጠጠሩን ቆጥረሽ ባስገባሽው ልክ አውጪ፣ አንዱ እንኳን እንዳይቀር። በውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቢ፣ ፀሐይ ላይ አድርቂ፣ ወዲያው ትንሽ ቱ ስትሮክ ዘይት ጨምረሽ አንከባልዪው። እርጥብ ከቆየ በአንድ ሌሊት መልሶ ይዝጋል። ታንኩ ከተቀደደ ግን ብየዳ ቤት ዝም ብለሽ አትውሰጂ። ቤንዚን የነበረበት ታንክ ባዶውን ሲበየድ ይፈነዳል። ውሃ ሳይሞላ የሚበይድ ሰው ካየሽ ታንክሽን ይዘሽ ውጪ።

ካርቡራቶሩን ፈትተሽ የናስ ጄቶቹን (ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን ቀዳዳዎች) በብርሃን እያየሽ አጽጂ። ከተደፈነ ጎሚስታ ዘንድ በአየር አስነፊው፣ እምቢ ካለ ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር በቂ ናት። በመርፌ እንዳትወጊው፣ ቀዳዳው ከሰፋ ቤንዚን መጋት ትጀምራለች። የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ ከበሰበሰ ሌላ ግዢ። ደህና ከሆነ በነጭ ጋዝ ከዚያ በሳሙና ውሃ እጠቢው፣ ሲደርቅ ዘይት አስነክተሽ ጭመቂው። ያለ ማጣሪያ አንድ ቀንም አትንጂ። አቧራ ሪንግን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው።

ዘይት ላይ ደግሞ ትኩረትሽን ስጪኝ። ኤጂ የቱ ስትሮክ ዘይት ለብቻው የሚቀመጥበት ታንክ አላት፣ ትንሽ ፓምፕ ወደ ሞተሩ ትልካለች። ሁለት ዓመት ከቆመች መስመሩ ውስጥ አየር ይኖራል። ዘይቱ ታንክ ውስጥ እያለ ሞተሩ ደርቆ ሊነክስ ይችላል። ፓምፑን አየር ማስወጣት አለብሽ፣ እስኪረጋገጥ ድረስም ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ቀላቅዪ። በአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር፣ በአምስት ሊትር 100 መሆኑ ነው። ሲሪንጅሽ እዚህም ይሠራል። ጭሱ ትንሽ ይበዛል፣ ግድ የለም። የመኪና ሞተር ዘይት ግን አትጠቀሚ፣ የተቃጠለውን ዘይት እርም በዪው።

ፍሬኗ ሁለቱም ከበሮ ነው። ሸራው ካለቀ ሙሉውን ከመግዛት በአሮጌው ብረት ላይ አዲስ ሸራ ማስለጠፍ ይቻላል፣ እኔ የኋላዬን እንዲያ አስደርጌ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። የፊቱን ግን አዲስ ግዢ። ከሁላ ስትወርጂ ቱ ስትሮክ ሞተር እንደ ሌላው አይዝልሽም፣ ፍሬኑ ላይ ነው የምትተማመኚው። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስተሽ መሪውን ግራ ቀኝ አዙሪው፣ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል። ሰንሰለቷን የሚሸፍነው የብረት ቤት ካለ እንዳታስወልቂው። ብዙ ሰው ለጽዳት ሲል ያወልቀዋል፣ እኔ ግን ሰንሰለቴን ያቆየልኝ እሱ ነው እላለሁ።

«ሁላ ከፍታው ላይ ትደክማለች» ያልሽውም ትክክል ነው። ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛባታል፣ ትደክማለች፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ለዚህ ብለው ድብልቁን ሊያሳሱልሽ ይሞክራሉ። እኔ አልመክርሽም። ቤንዚን ቢበዛባት ጉልበት ነው የምታጣው፣ ሲሳሳባት ግን ፒስተን ነው። ለሀዋሳ አስተካክዪና ላይ ስትወጪ ትንሽ ትድከም። ትርፍ ካንዴላ ኪስሽ ይኑር።

ቀለሙን በመጨረሻ፣ ብር ከተረፈ። በፊት ግን ከኋላው ጭነት ማስቀመጫ ሥር ሻንሲውን አጽድተሽ እዪ፣ እዚያ ነው ስንጥቅ የሚወጣው። ቀለም የሚቀባ ሰው ስንጥቁንም አብሮ ነው የሚሸፍነው።

ዋጋ በብር ያልጻፍኩት በየወሩ ስለሚለዋወጥ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን እንዲህ ይሁን፦ ስም ማዞር፣ የግራው ፓራዮሊዮ፣ የፊት ፍሬን፣ ኩሽኔታ፣ ማጣሪያ፣ ካንዴላ። ሌላው ከደሞዝ ደሞዝ ይደርሳል።

ስትነሳ ወዲያው ዳገት አትውሰጃት። በሻሸመኔ መንገድ እስከ ጥቁር ውሃ ደርሰሽ ተመለሺ፣ ጋዙን ሳታጨናንቂ። ቤት ስትደርሺ አጥፊና ካንዴላውን ፍቺ። ጫፉ የማኪያቶ ቀለም ከሆነ ደህና ናት። ነጭ ከሆነ አየር እየሳበች ነው፣ እንዳትነጂያት። ፎቶውን እዚሁ ለጥፊው፣ ማታ ማታ ስለምገባ አየዋለሁ።